በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋማ አካባቢዎች ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው ማረፊያ ለማግኘት የሚረዳ መረጃ

በአፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት በ1628 ዓ.ም. የተቆረቆረችው ጎንደር ከተማ ዓመቱን ሙሉ እንግዳ የማይለያት ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የፋሲል ግቢን ለመጎብኘት፣ የጥምቀትን በዓል ለማክበር፣ ለንግድና ለትምህርት እንዲሁም ለሕክምና በርካታ ዜጎች ወደ ከተማዋ ይመጣሉ። ወደ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚጓዙ ጎብኚዎችም በአብዛኛው መነሻቸው ጎንደር ናት። የጉዞው ዓላማ የተለያየ ቢሆንም የመኝታ ወጪ ለአብዛኛው ተጓዥ ከባድ ድርሻ ያለው ነው። ይህ መረጃ ተጓዦች እንደ አቅማቸውና እንደ ጉዳያቸው ተስማሚ ማረፊያ እንዲመርጡ ለማገዝ የተዘጋጀ ነው።

የማረፊያ ዓይነቶች

በከተማዋ የሚገኙ ማረፊያዎች በጥቅሉ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ምግብ ቤት፣ የግል መታጠቢያና የመኪና ማቆሚያ ያላቸው ሆቴሎች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም መካከል የኮከብ ደረጃ የተሰጣቸው ይገኙበታል። ሁለተኛዎቹ ፔንሲዮኖችና የእንግዳ ማረፊያዎች ናቸው። እነዚህ በአብዛኛው የምግብ አገልግሎት ባይኖራቸውም ንጹሕ መኝታ በመጠነኛ ዋጋ ስለሚያቀርቡ ለቤተሰብና ከአንድ ሌሊት በላይ ለሚቆይ ተጓዥ ይመረጣሉ። ሦስተኛዎቹ መጸዳጃና መታጠቢያ በጋራ የሚሆንባቸው አልጋ ቤቶች ሲሆኑ፣ ዋጋቸው ዝቅተኛ በመሆኑ ለአንድ ሌሊት አዳር ያገለግላሉ።

ዋጋ የሚወሰነው በቤቱ ዓይነት ብቻ አይደለም። በአንድ ፔንሲዮን ውስጥ እንኳ የግል ሻወር ያለው ክፍልና የጋራ ሻወር የሚጠቀም ክፍል የተለያየ ዋጋ ይኖራቸዋል። ስለሆነም ተጓዡ የመጀመሪያውን ዋጋ እንደሰማ ከመወሰን ይልቅ በዚያው ቤት ያሉትን የክፍል ዓይነቶች በሙሉ መጠየቅ ይኖርበታል።

አካባቢን ስለመምረጥ

ፒያሳና በፋሲል ግቢ ዙሪያ ያሉ አካባቢዎች ለቅርሶች፣ ለባንኮችና ለገበያ ቅርብ በመሆናቸው ተፈላጊ ናቸው። በመናኸሪያ አካባቢ ያሉ ማረፊያዎች ማልዶ ለሚነሳ ተጓዥ የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳሉ፤ ይሁን እንጂ ሌሊት ጫጫታ ሊኖር ስለሚችል ከመንገድ ራቅ ያለ ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው። አውሮፕላን ማረፊያው በሚገኝበት በአዘዞ በኩል የሚያርፍ ተጓዥ ደግሞ ወደ ከተማው መሐል በየቀኑ የሚያወጣውን የታክሲ ወይም የባጃጅ ሒሳብ በመኝታው ዋጋ ላይ ደምሮ ማነጻጸር ይኖርበታል። ርካሽ የሚመስል መኝታ ከመጓጓዣ ወጪ ጋር ሲደመር ውድ ሊሆን ይችላል።

የጥምቀት ሰሞን

ጥር 10 ቀን ከተራ፣ ጥር 11 ቀን ጥምቀት፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላ የሚከበርባቸው ቀናት ለማረፊያ ፈላጊ እጅግ አስቸጋሪዎቹ ናቸው። በዓሉ እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚካሄደው ሥነ ሥርዓት ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ሕዝብ ይስባል። በእነዚህ ቀናት ክፍሎች ቀድመው ይያዛሉ፤ ዋጋም ይጨምራል። በመሆኑም፦

– ክፍል ከበዓሉ በርካታ ሳምንታት አስቀድሞ መያዝ፤
– ቀብድ ሲከፈል የቤቱ ማኅተም ያለበት ደረሰኝ መቀበልና የቀናቱ ቁጥር፣ የአንድ ሌሊት ዋጋና ጉዞ ቢሰረዝ የሚመለሰው ገንዘብ በግልጽ እንዲጻፍ ማድረግ፤
– በቡድን ለሚጓዙ የጽዋና የሰንበቴ ማኅበራት፣ ብዙ አልጋ ያላቸውን ክፍሎች በአንድነት ተከራይቶ ወጪ መጋራት፤
– በከተማው ክፍል ከታጣ በሰሜን አቅጣጫ በአምባ ጊዮርጊስ ወይም በዳባት፣ በደቡብ በኩል ደግሞ በአዘዞ ማፈላለግ ይመከራል።

በዘመድ ቤት ማረፍ የቆየ ልማድ ነው። ሆኖም በበዓል ሰሞን አንድ ቤት ብዙ እንግዳ ስለሚቀበል አስቀድሞ ማሳወቅና ለቤቱ ወጪ አስተዋጽኦ ማድረግ ተገቢ ነው። ቀኑን መምረጥ ለሚችል ተጓዥ ግን የክረምቱ ወራትና ከበዓላት ውጪ ያሉት የሥራ ቀናት ዋጋ ለመደራደር ይበልጥ ይመቻሉ።

ለሕክምና ለሚመጡ ታካሚዎችና አስታማሚዎች

በ1947 ዓ.ም. ከተመሠረተው የጤና ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያደገው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በሚያስተዳድረው ሆስፒታል ለመታከም ከሩቅ ወረዳዎች በሪፈር ወረቀት የሚመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። እነዚህ ተገልጋዮች የሚቆዩበትን ጊዜ አስቀድመው ስለማያውቁ ለመድኃኒት የያዙት ገንዘብ በመኝታ ኪራይ እንዳያልቅ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋቸዋል።

በመጀመሪያ፣ ሐኪም ሳያይና ታካሚው ተኝቶ ይታከም ወይም በተመላላሽ ይታይ እንደሆነ ሳይታወቅ የብዙ ሌሊት ኪራይ አስቀድሞ መክፈል አይመከርም። ታካሚው ሆስፒታል ከተኛ ማረፊያ የሚያስፈልገው ለአስታማሚው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሁለት አልጋ ያለው ክፍል ይዞ መቆየት አላስፈላጊ ወጪ ነው። በተመላላሽ የሚታከም ከሆነ ደግሞ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ ከታወቀ በኋላ ከቤቱ ባለቤት ጋር በሳምንት ወይም በወር መነጋገር ዋጋን ይቀንሳል። ቀጠሮው ከሩቅ ከሆነ ወደ አገር ቤት ተመልሶ መምጣትና በከተማ መቆየት የሚጠይቁትን ወጪ ማነጻጸር ይገባል።

ለአቅመ ደካማ ታካሚ ምድር ቤት ያለ፣ መጸዳጃው ቅርብ የሆነና ውሃ የማይቋረጥበት ክፍል ይመረጣል። በግለሰብ ግቢ ክፍል የሚከራዩ ቤተሰቦች ምግብ ራሳቸው ማብሰል ስለሚችሉ ወጪያቸው ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውሉ በጽሑፍና በምስክር ፊት መሆን አለበት። ችግር ያጋጠመው ታካሚ በሆስፒታሉ የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያዎችን ማነጋገር ይችላል።

ደባርቅና የሰሜን ተራሮች

የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ የሆነችው ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኘውም በዚችው ከተማ ነው። ጎብኚዎች የመግቢያ ክፍያ የሚፈጽሙት፣ ስካውትና አስጎብኚ የሚመደብላቸው እንዲሁም በቅሎ የሚከራዩት ከዚሁ በመነሳት ነው። በደባርቅ መጠነኛ ሆቴሎችና ፔንሲዮኖች ስለሚገኙ፣ የቀን ጉብኝት አድርጎ ማታ ወደ ከተማዋ መመለስ በፓርኩ አካባቢ ካሉ ሎጆች ይልቅ ቅናሽ አለው።

በፓርኩ ውስጥ ማደር የሚሹ ጎብኚዎች በሳንቃበር፣ በግጭና በጨነቅ ካምፖች ድንኳን መትከል ይችላሉ። ዋሊያን ለማየት የሚመጡ ብዙዎች ጨነቅን ይመርጣሉ። ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር፣ ግጭና ጨነቅ ከ3,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ ሌሊቱ እጅግ ይቀዘቅዛል፤ በተለይም ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ውርጭ ይጥላል። በመሆኑም ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ያለ በቂ ልብስና የመኝታ ከረጢት በድንኳን ማደር ለጤና አደገኛ ነው። ድንኳን፣ ፍራሽና የማብሰያ ዕቃ በደባርቅ በኪራይ የሚገኙ ሲሆን፣ ከመረከብ በፊት ዚፓቸውንና ቀዳዳ አለመኖሩን መፈተሽ ያስፈልጋል።

ከመክፈል በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው ነጥቦች

1. የተነገረው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስንና የአገልግሎት ክፍያን ያካተተ መሆኑ። ለምሳሌ 600 ብር የተባለ ክፍል 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ታክስ ሲታከልበት 759 ብር ይሆናል፤ ለሦስት ሌሊት 2,277 ብር ማለት ነው። ሁሉን አካቶ 700 ብር የሚያስከፍል ቤት ግን ለሦስት ሌሊት 2,100 ብር ብቻ ይጠይቃል።
2. ዋጋው በአልጋ ወይም በክፍል መሆኑ፣ ቁርስ መኖር አለመኖሩ።
3. የውሃ አቅርቦትና ውሃ በሚጠፋበት ጊዜ የሚያገለግል ሮቶ መኖሩ።
4. የመውጫ ሰዓትና ሰዓት ቢያልፍ የሚጠየቀው ክፍያ።
5. የበሩ ቁልፍ በአግባቡ መሥራቱና የአንሶላው ንጽሕና።

ተጓዦች የቀበሌ ወይም የፋይዳ መታወቂያቸውን ሊይዙ ይገባል፤ ማረፊያ ቤቶች እንግዳን የሚመዘግቡት በመታወቂያ ነው። በመናኸሪያ በር ክፍል አለ ብለው ለሚቀርቡ ደላሎች በእጅ ገንዘብ መስጠት አይገባም። ክፍሉን አይቶ፣ ሒሳቡን ለቤቱ እንግዳ ተቀባይ ከፍሎ ደረሰኝ መያዝ ዋነኛው መከላከያ ነው። ከጉዞ በፊትም የመንገዱን ሁኔታ ከሚመለከታቸው የአካባቢ አካላት ማጣራትና በጊዜ ወደ ማረፊያ መድረስ ይመከራል።

ቅሬታ ስለማቅረብ

ከተስማማበት ዋጋ በላይ የተጠየቀ ወይም ደረሰኝ የተከለከለ ተገልጋይ በቅድሚያ ለቤቱ ኃላፊ ማሳወቅ፣ መፍትሔ ካላገኘም ለከተማው የባሕልና ቱሪዝም ወይም የንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ይችላል። ለዚህም ደረሰኙን፣ የቆየባቸውን ቀናትና የክፍሉን ቁጥር መያዝ ጉዳዩ በአጭር ጊዜ እንዲታይ ያግዛል።