የጅቡቲ ወደብና የትልልቅ መርከቦች ዘመን

ወደብ የየብስና የባሕር መገናኛ በር ነው። የበሩ ስፋትና ጥልቀት ከሚመጣው እንግዳ ጋር ካልተመጣጠነ ባለቤቱ የቱንም ያህል ቢደግስ እንግዳው ወደ ሌላ ደጅ ማለፉ አይቀርም። ከሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ የጭነት መርከቦች ግዝፈት ያለማቋረጥ ስለ ጨመረ ይህ ችግር ያልገጠመው ወደብ ጥቂት ነው። የባሕር በር ለሌላት ኢትዮጵያ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርበው ምሳሌ የጅቡቲ ወደብ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ፈረንሳዮች በ1862 ኦቦክን በውል ከያዙ በኋላ በ1888 የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ተሻግረው ጅቡቲን ቆረቆሩ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው መርከብ ከነፋስና ከማዕበል ተጠልሎ የሚቆምበት ውኃ መገኘቱ ሲሆን ሁለተኛው ወደ ሐረር የሚወስደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ ቅርብ መሆኑ ነው። በ1897 ሥራው የተጀመረው የምድር ባቡር በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ወደቡና ሐዲዱ እንደ አንድ አካል ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ሲታመም ሌላው መታመሙ አልቀረም። ከ1967 እስከ 1975 የሱዌዝ ቦይ በመዘጋቱ የወደቡ ገበያ ቀዘቀዘ። ጅቡቲ ነፃነቷን ባገኘችበት በ1977 ደግሞ በኦጋዴን ጦርነት ሐዲዱ ተቆረጠ።

በዚህ መካከል የባሕር ንግድ መልኩን ለውጦ ነበር። በ1956 «አይዲያል ኤክስ» የተባለችው መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ጭና ከኒው ጀርሲ ወደ ሂውስተን በተጓዘች ጊዜ የለውጡን ስፋት የገመተ ጥቂት ነበር። ቀድሞ ጆንያውና ሣጥኑ አንድ በአንድ በወዛደር ትከሻ ሲወርድ መርከቡ ለቀናት ይቆም ነበር። ኮንቴይነሩ ግን ይህን ጊዜ ወደ ሰዓታት አወረደው። መርከብ ገንዘብ የሚያገኘው ሲጓዝ እንጂ ሲቆም ስላልሆነ፣ የመቆሚያው ጊዜ ሲያጥር ባለመርከቦች ይበልጥ ግዙፍ መርከብ ማሠራት አዋጭ ሆኖ አገኙት። ጅቡቲም ከጊዜው ጋር ለመራመድ በ1985 የኮንቴይነር ተርሚናል ከፈተች።

የግዙፍ መርከብ መምጣት ከወደብ መሐንዲስ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በቀድሞው የፓናማ ቦይ ያልፍ የነበረ መርከብ ስፋቱ ከ32.3 ሜትር፣ በውኃ ውስጥ የሚሰጥመው አካሉ ከ12 ሜትር ገደማ አይበልጥም ነበር። የዛሬዎቹ ታላላቅ መርከቦች 400 ሜትር ያህል ይረዝማሉ፤ ወደ 60 ሜትር ይሰፋሉ፤ ጭነታቸው ሲሞላም እስከ 16 ሜትር ገደማ ይሰጥማሉ። ስለዚህ የባሕሩ ወለል መቆፈር፣ የክሬኑ ክንድ መርዘም፣ የዕቃ ማከማቻው ግቢ መስፋት፣ ከግቢውም የሚወጣው መንገድና ሐዲድ መጠንከር አለበት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ የሌሎቹ ወጪ ከንቱ ይሆናል።

ከሁሉም አስቸጋሪው በአሮጌ ግንብ ፊት ወለሉን መቆፈር ነው። መርከብ የሚጠጋበት ግንብ ከጀርባው የአፈርና የጭነት ግፊት ይሸከማል፤ ከፊቱም በእግሩ ሥር ያለው አፈር ደግፎ ያቆመዋል። ያ አፈር ተጠርጎ ሲወሰድ ግንቡ ለመንሸራተት ወይም ለመገልበጥ ይጋለጣል። ከዚህም የተነሣ መሐንዲሱ ወይ በፊቱ አዲስ ግንብ አቁሞ ማጠናከር፣ ወይም አሮጌውን ለቀላል ሥራ ትቶ ጥልቅ ውኃና ሰፊ ሜዳ ወዳለበት መሄድ ይኖርበታል።

ጅቡቲ ሁለተኛውን መረጠች። ለዚህ ያስቸኮላት በ1998 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ቀድሞ በአሰብ ይገባ የነበረው የኢትዮጵያ ጭነት በድንገት ወደ እርሷ መዞሩ ነው። አሮጌው ወደብ በከተማው የተከበበ በመሆኑ ለዚህ ሁሉ ዕቃ የሚበቃ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ ከከተማው በስተ ምዕራብ በዶራሌ አዲስ የኮንቴይነር ተርሚናል ተሠርቶ በ2009 ተመረቀ። የግንቡ ርዝመት 1,050 ሜትር፣ የውኃው ጥልቀት 18 ሜትር ነው። በ2017 ደግሞ እስከ 100,000 ቶን የሚደርሱ መርከቦችን የሚያስተናግደው ሁለገብ ወደብ በ590 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዚያው አጠገብ ተከፈተ።

ሆኖም ጥልቅ ውኃ ብቻውን ወደብ አያደርግም። የዶራሌን ተርሚናል ለማስተዳደር ከዱባዩ ዲፒ ወርልድ ጋር በ2006 የተደረገው ውል በ2018 በጅቡቲ መንግሥት ተሰርዞ ክርክሩ ወደ ዓለም አቀፍ ግልግል አመራ። ከዚህም የውል አንቀጽ ለወደብ ከግንቡ መሠረት ያላነሰ ክብደት እንዳለው መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ከግቢው በስተ ጀርባ ያለው ነው። በአንድ ሜትር ስፋት የተዘረጋው አሮጌ ሐዲድ አርጅቶ ከቆመ በኋላ፣ 1,435 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ የንግድ አገልግሎት ጀመረ። ይሁን እንጂ ወደ ኢትዮጵያ የሚገባው ጭነት አብዛኛው ዛሬም የሚጓጓዘው በከባድ መኪና ነው። አንድ ግዙፍ መርከብ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚያራግፈውን ማዳበሪያ በመኪና ለማንሣት እያንዳንዱ መኪና በአማካይ አርባ ቶን ይጭናል ቢባል፣ ለ50,000 ቶን 1,250 ምልልስ ያስፈልጋል። መኪናው ከዘገየ መጋዘኑ ይሞላል፤ መጋዘኑ ከሞላ መርከቡ ይቆማል፤ መርከቡ ከቆመ የዲመሬጅ ሒሳብ በውጭ ምንዛሪ ይከፈላል። ማዳበሪያው ደግሞ የክረምቱን ዝናብ አልፎ ቢደርስ ለገበሬው አይጠቅመውም።

ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ ከመቶ ዘጠና የሚበልጠው በዚህ በር ያልፋል። ስለዚህ በዶራሌ የተቆፈረው 18 ሜትር የኢትዮጵያም ጉዳይ ነው። ጅቡቲ የባሕሩን ፊት ለመርከቦቹ ግዝፈት አዘጋጅታለች። ያ ጥልቀት ፍሬ የሚሰጠው ግን ሐዲዱ፣ መንገዱና እንደ ሞጆ ያሉት ደረቅ ወደቦች በዚያው መጠን ሲሰፉ ነው። ይህ ቀሪ ሥራ በአብዛኛው በኢትዮጵያ ምድር ላይ ያለ ነው፤ የሚጠብቀውም የአገሪቱን መሐንዲሶች ነው።