በቶርኖ የተሠሩ ሳሕኖችና ብዕሮች ስለሚቀቡት ቅብ

የእንጨት ዕቃን ታሪክ የሚጽፉ ሊቃውንት አብዛኛውን ጊዜ የሚመረምሩት የዛፉን ዓይነት፥ የዕቃውን ቅርጽና የሠሪውን ወገን ነው። በላዩ ያለውን ቅብ ግን ከጌጥ ቈጥረው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። በእኔ አስተያየት ዕቃው በማን እጅ እንደሚያዝ፥ ምን እንደሚቀርብበትና ሲጐዳ ማን እንደሚያድሰው ከሁሉ ይልቅ የሚነግረን ቅቡ ነው። ለዚህም ማስረጃ ይሆኑ ዘንድ በቶርኖ የሚሠሩትን ሁለት ዕቃዎች፥ ሳሕንንና ብዕርን፥ ይልቁንም የጃፓንን አቀርባለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ከአየር እርጥበት ሲስብና ሲመልስ ይኖራል፤ ሲስብ ያብጣል፥ ሲመልስ ይኰማተራል። ቅብ ይህን ያዘገየዋል እንጂ ፈጽሞ አያስቀረውም። ሰም በገጹ ላይ ይቀራል፤ ትኩስ ነገር ሲነካው ይቀልጣል፥ የእጅ ላብም ቶሎ ይጨርሰዋል። የተልባ ዘይት ወደ ውስጥ ይሠርጋል፤ «ደረቀ» የምንለውም እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ኦክሲጅን ወስዶ ስለሚጠነክር ነው። በዚህም ምክንያት በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቢጣል ሙቀቱ ተጠራቅሞ ራሱን በራሱ ሊያቃጥል ይችላል። ሼላክ ደግሞ በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ሙጫ ሲሆን በአልኰል ይሟሟል። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በአውሮፓ የተስፋፋው «የፈረንሳይ ፖሊሽ» ይህንኑ ሙጫ በጥጥና በጨርቅ ድቡልቡል ጥቂት በጥቂት እያሹ ገጹን ከመስተዋት እስኪቀራረብ ድረስ ማንጸባረቅ ነው። ነገር ግን ትኩስ ሲኒ ቢያስቀምጡበት ነጭ ክብ ምልክት ይወጣበታል፤ አረቄ ቢፈስበትም ይሟሟል። ስለዚህ ጠባቂ አገልጋይ ያለበት የሳሎን ቅብ ነው ማለት ይቻላል።

ጃፓኖች የቀረበላቸው ጥያቄ ከዚህ የተለየ ነበር። የጃፓን ሳሕን በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ በማንኪያ አይበላበትም፤ ትኩስ ሾርባ ተሞልቶ በእጅ ተነሥቶ ወደ አፍ ይጠጋል። ስለዚህ ቅቡ ሙቀትን፥ ጨውንና ውኃን የሚችል፥ ለከንፈርም የሚስማማ መሆን ነበረበት። ይህን ሁሉ ያሟላላቸው ኡሩሺ የተባለው የዛፍ ደም ነው። የዛፉ ልጥ እየተበጣ በጠብታ የሚሰበሰበው ይህ ፈሳሽ እርጥብ ሳለ የሰውን ቈዳ ያቈስላል። ጠባዩ እጅግ የሚያስደንቅ ነው፤ ሌላው ቅብ በፀሐይና በደረቅ አየር ሲደርቅ ኡሩሺ የሚጠነክረው ሞቅ ባለና እርጥበት በበዛበት ሣጥን ውስጥ ነው። ምክንያቱም ላኬዝ የተባለው በራሱ ውስጥ ያለው ኤንዛይም ያለ እርጥበት አይሠራም። አንዴ ከጠነከረ ግን አልኰልም አሲድም በቀላሉ አይደፍሩትም፤ ጠላቱ የፀሐይ ብርሃን ነው።

እንጨቱን በቶርኖ የሚያዞሩት ሰዎች ኪጂሺ ይባላሉ። ጥሩ ዛፍ ፍለጋ ከተራራ ወደ ተራራ የሚዘዋወሩ ነበሩ፤ የዘር ሐረጋቸውንም በ9ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከልዑል ኮሬታካ ጋር በአፈ ታሪክ ያያይዛሉ። የጥንቱ ቶርኖ ሁለት ሰው የሚፈልግ ነበር፤ አንዱ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመውን ገመድ ወዲያና ወዲህ ይስባል፥ ሌላው ስለቱን ይይዛል። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ምን ያህል ይሠራ እንደ ነበረ ለማወቅ እቴጌ ሾቶኩ ከ764 ዓመፅ በኋላ አሠርተው በ770 የተጠናቀቁትን አንድ ሚሊዮን ትንንሽ የእንጨት ፓጎዳዎች ማስታወስ ይበቃል። በየሆዳቸው የታተመ ጸሎት ተከቶ ለ10 ቤተ መቅደሶች ታድለዋል። እነርሱ ግን በኡሩሺ ሳይሆን በነጭ ቅብ ብቻ የተሸፈኑ ነበሩ፤ ማንም እንዲበላባቸው አልተሠሩምና።

በኖቶ ልሳነ ምድር የምትገኘው የዋጂማ ከተማ ሥራ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። በዚያ ቶሎ የሚሰበረው የሳሕኑ ከንፈርና ታች አስቀድሞ በጨርቅ ይለበጣል፤ ቀጥሎም ከአካባቢው ኰረብታ ተቈፍሮ የተቃጠለና የተፈጨ አፈር ከኡሩሺ ጋር ተለውሶ በተደጋጋሚ ይቀባል። አፈሩ ከጥንታዊ የውኃ ውስጥ ጥቃቅን ፍጥረታት ቅሪት የተገኘ ስለሆነ ቀዳዳ የበዛበት ነው፤ ኡሩሺውን መጥጦ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ሥራው ከመቶ በላይ ደረጃዎች አሉት፤ ከእነዚህ የሚበልጡትን ገዢው ፈጽሞ አያያቸውም። ሳሕኑ ከዓመታት በኋላ ሲላላጥ ተመልሶ ይቀባል።

ብዕር በዚህ ታሪክ ውስጥ የገባው ዘግይቶ ነው። ርዮሱኬ ናሚኪ በ1918 የብዕር ፋብሪካ ሲያቋቁም የብዕሩ ገላ የሚሠራው በቶርኖ ከሚዞር ኤቦናይት፥ ማለት በድኝ ከጠነከረ ጎማ ነበር። ኤቦናይት ብርሃን ሲያገኘው ጥቁርነቱ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ፋብሪካው በ1920ዎቹ መድኃኒቱን ያገኘው ከሾርባ ሳሕን ነው፤ ብዕሩን በኡሩሺ ለበጠው። በ1930 ደኒል ከተባለው የእንግሊዝ ነጋዴ ድርጅት ጋር ስምምነት ተደረገ፤ በወርቅ ብናኝ ያጌጡት ብዕሮችም ወደ አውሮፓ ገበያ ወጡ። ይህን ሥራ ከመሩት አንዱ ማትሱዳ ጎንሮኩ በ1955 በአገሩ መንግሥት «ሕያው ብሔራዊ ቅርስ» ተብሎ ተሰይሟል። የእኛ ጸሐፊዎች ብዕር መቃ ስለሆነ ቅብ አላስፈለገውም፤ ቅቡ ሳይለቅ መቃው ራሱ ተቀርጾ ያልቃልና።

ዛሬ በየአገሩ ለደስታቸው ብዕር በቶርኖ የሚሠሩ ሰዎች አብዛኞቹ የሚመርጡት በ1958 ለገበያ የቀረበውን ፈጣን ሙጫ፥ ሳያኖአክሪሌትን፥ ነው። ቀኑን ሙሉ በላብ ለሚታሽ ብዕር ምርጫው ትክክል ነው እላለሁ። ሳሕንን በዚያው መንገድ ማንጸባረቅ ግን ሌላ ነገር ነው። በውጭ አገር ተማሪ ሳለሁ የማታ የእንጨት ሥራ ትምህርት ተከታትዬ ነበርና ስመለስ የእናቴን የዋንዛ ገበቴ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ሦስት እጅ ቫርኒሽ ቀባሁት። ሊጡ ሲቦካበት እንጨቱ አበጠ፥ ቫርኒሹም እንደ ቅርፊት እየተነሣ ከሊጡ ጋር ገባ። እናቴም፥ «ልጄ፥ ገበቴ እኮ ጫማ አይደለም» ብላ በቢላዋ ፋቀችው፤ በቅቤ አሸችውና ከጭሱ አጠገብ ሰቀለችው። የ40 ዓመት ወዙ ግን በእኔ እጅ ጠፍቶ ነበር። ለቤተ መዘክር የሚሰበሰቡ ዕቃዎች ሲታጠቡና ሲወለወሉ በተመለከትኩ ቍጥር ይህ ነገር ይታሰበኛል፤ የሚታጠበው ቈሻሻ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ማስረጃው ነው።

ጃንዩዌሪ 1 ቀን 2024 የኖቶን ምድር መጠኑ 7.6 የሆነ የመሬት መናወጥ መታው። በዋጂማም የጥዋት ገበያው መንደር በእሳት ጋየ፤ ብዙ የኡሩሺ ሥራ ቤቶች ፈረሱ ወይም ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት ጊዜያዊ የሥራ ቤቶች ተተክለው ባለሙያዎቹ ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል።