የመጻሕፍት ክምችትን በጋራ መያዝና የበጀት እጥረት፤ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የትብብር ታሪክ

መግቢያ

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለምርምር የሚያስፈልገውን መጽሐፍ ሁሉ ገዝቶ፥ የገዛውንም ሁሉ ጠብቆ ለማኖር አለመቻሉ በዛሬው ጊዜ የታወቀ ነው። ታላላቆቹ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ሳይቀሩ በሀብታቸው ብዛት ከዚህ ችግር ሊያመልጡ አልቻሉም። እነዚህ ተቋማት ከ1940ዎቹ ዓመታት ጀምሮ መጻሕፍትን በጋራ ለመግዛት፥ በጋራ ለማስቀመጥና በጋራ ለመጠቀም ያደረጉት ሙከራ፥ በጀት በሚጠብብበት ጊዜ ትብብር ምን ሊሠራ፥ ምንስ ሊሳነው እንደሚችል በግልጽ ያሳያል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሙከራውን ዋና ዋና ምዕራፎች መርምሮ፥ አንዱ ሲጸና ሌላው የፈረሰበትን ምክንያት ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጋራ መጋዘን

የመጀመሪያው ችግር የቦታ ጥበት ነበር። የሀርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ቻርልስ ኤልየት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ላይ፥ አንባቢ የማይጠይቃቸው መጻሕፍት ከዋናው ቤተ መጻሕፍት ወጥተው ብዙ ወጪ በማይጠይቅ ሕንፃ እንዲቀመጡ ሐሳብ አቅርበው ነበር። በ1942 የሀርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ በነበሩት በኪዝ ሜትካፍ አነሣሽነት በቦስተን ከተማ የኒው ኢንግላንድ የመጻሕፍት ማኖሪያ ተከፈተ። በርከት ያሉ የአካባቢው አብያተ መጻሕፍትም መደርደሪያ ተከራይተው መጻሕፍታቸውን አኖሩበት። መጻሕፍቱ በይዘታቸው ሳይሆን በመጠናቸው ስለ ተደረደሩ ብዙ ቦታ ተቆጠበ። ይሁን እንጂ በጋራ የተያዘው ጣሪያው እንጂ መጽሐፉ አልነበረም። እያንዳንዱ አባል ንብረቱን በራሱ ስም ያኖር ነበርና ድግግሞሹ አልቀረም።

በ1944 ፍሪሞንት ራይደር የተባሉ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ባሳተሙት መጽሐፍ፥ የአሜሪካ የምርምር አብያተ መጻሕፍት ክምችት በየ16 ዓመቱ እጥፍ እንደሚሆን አሰሉ። በዚህ ስሌት የዬል ዩኒቨርሲቲ በ2040 የ200 ሚሊዮን ያህል መጻሕፍት ባለቤት ይሆናል ማለት ነበር። ስሌቱ ለክርክር የተጋለጠ ቢሆንም፥ መጋዘን በመሥራት ብቻ ችግሩ እንደማይፈታ አስገንዝቧል።

የግዢ ክፍፍል

ሁለተኛው መንገድ የግዢውን ሸክም መከፋፈል ነበር። በ1942 በኮነቲከት ግዛት በምትገኘው በፋርሚንግተን የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፥ ጦርነቱ የአውሮፓን መጻሕፍት ምን ያህል እንዳራቀባቸው ከተመለከቱ በኋላ፥ ለምርምር የሚረዳ እያንዳንዱ የውጭ አገር መጽሐፍ ቢያንስ አንድ ቅጂው በአሜሪካ እንዲገኝ የሚያደርግ ዕቅድ ነደፉ። የፋርሚንግተን ዕቅድ የተባለው ይህ ስምምነት በ1948 በፈረንሳይ፥ በስዊድንና በስዊዘርላንድ መጻሕፍት ሥራ ጀመረ። ከ50 የሚበልጡ አብያተ መጻሕፍትም የትምህርት ዘርፎችን ተከፋፈሉ። እያንዳንዱ አባል ሦስት ግዴታ ገባ፦ በድርሻው የመጣውን መግዛት፥ የገዛውን ሳይዘገይ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በሚገኘው የጋራ ካታሎግ ማስመዝገብ፥ ሲጠየቅም ማዋስ ወይም በፎቶግራፍ አባዝቶ መስጠት።

ዕቅዱ ለሃያ አራት ዓመታት አገልግሏል። ደካማ ጎኑ ገንዘቡ ከየአባሉ በጀት የሚወጣ መሆኑ ነበር። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ዘርፉን የሚያስተምር ምሁር በሌለበት ጊዜ፥ ለዚያ ዘርፍ መጽሐፍ መግዛት ለሌሎች ጥቅም የሚከፈል ዕዳ መስሎ ይታይ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ በጀት ሲጠብ፥ ሌሎች የግዢ መንገዶችም ሲበዙ፥ ዕቅዱ በ1972 መጨረሻ ተቋረጠ።

የጋራ ባለቤትነት

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ ይለያል። በ1949 በመካከለኛው ምዕራብ አሜሪካ የሚገኙ አሥር ዩኒቨርሲቲዎች ከካርኔጊና ከሮክፌለር ድርጅቶች የገንዘብ ርዳታ አግኝተው በቺካጎ የጋራ ማዕከል አቋቋሙ። ሕንፃው በ1951 ተከፈተ። ማዕከሉ በ1965 የምርምር አብያተ መጻሕፍት ማዕከል የሚለውን ስም ያዘ፤ አባልነቱም ከክልሉ ውጭ ላሉት ክፍት ሆነ። በዚህ የሚሰበሰቡት በማንኛውም አንድ ዩኒቨርሲቲ ዘንድ ተጠቃሚያቸው ጥቂት የሆኑ ጽሑፎች ናቸው፤ የውጭ አገር ጋዜጦች፥ የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፎች፥ የመንግሥታት ሰነዶችና የመሳሰሉት። አባላት ዓመታዊ መዋጮ ይከፍላሉ፤ የሚፈልጉትንም ይዋሳሉ። ዋናው ቁም ነገር የክምችቱ ባለቤት በአብዛኛው ማዕከሉ ራሱ መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ አባል ቢወጣ ወይም ቢደኸይ መጽሐፉ ከቦታው አይነቃነቅም።

አፍሪካን የሚመለከቱ ጽሑፎች በማይክሮፊልም እንዲሰበሰቡ በ1963 የተጀመረው የትብብር ፕሮግራምም ማዕከሉን መቀመጫው አድርጓል። በ1966 የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በናይሮቢ ቅርንጫፍ ከፈተ። ቅርንጫፉ የኢትዮጵያን ጨምሮ የምሥራቅ አፍሪካን ኅትመቶች እየሰበሰበ ለራሱም ለተባባሪ ዩኒቨርሲቲዎችም ያቀርብ ነበር። በዚህም መንገድ በአማርኛ የታተሙ መጻሕፍት፥ አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ሊሰበስባቸው በሚያዳግተው መጠን፥ በውጭ አገር ለተመራማሪዎች ተዳርሰዋል።

በተናጠል የሚደረግ ቅነሳ

ከ1970ዎቹ ጀምሮ የዋጋ ንረት በየአብያተ መጻሕፍቱ ላይ በረታ። በ1974 ኮሎምቢያ፥ ሀርቫርድና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች ከኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጋር የምርምር አብያተ መጻሕፍት ቡድንን መሠረቱ። በ1979 የታተመ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በ1969 ከተገዙት መጻሕፍት 40 በመቶ ያህሉ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ በውሰት አለመውጣታቸውን ገለጸ። ጥናቱ ብርቱ ክርክር አስነሣ። አንዳንዶች የገንዘብ ብክነት ማስረጃ አድርገው ተመለከቱት፤ ሌሎች ግን የምርምር መጽሐፍ ዋጋ በስድስት ዓመት አይለካም ሲሉ ተከራከሩ።

ይበልጥ የከፋው በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የሳይንስ መጽሔቶች ዋጋ በመናሩ የመጣው ነው። ከ1986 እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የትላልቆቹ የምርምር አብያተ መጻሕፍት የመጽሔት ዋጋ ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ የሚገዟቸው መጻሕፍት ቁጥርም በሩብ ያህል ቀነሰ። በዚህ ጊዜ የተገለጸው አደጋ ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ቤተ መጻሕፍት ለብቻው ሲቀንስ ሁሉም የሚያስቀረው አንድ ዓይነት ነገር ይሆናል። ሁሉም በብዛት የሚነበበውን ይይዛል፤ ሁሉም በባዕድ ቋንቋ የተጻፈውንና አንባቢው ጥቂት የሆነውን ይተዋል። እያንዳንዱ ውሳኔ በየራሱ ሲታይ ምክንያታዊ ነው፤ ሲደመር ግን አንድ መጽሐፍ ከአገሪቱ ጨርሶ እንዲጠፋ ያደርጋል። በዚህ ሚዛን በቅድሚያ የሚጐዱት እንደ አማርኛ ያሉ፥ በውጭ አገር አንባቢያቸው ጥቂት የሆነ ቋንቋዎች ናቸው።

ቃል ኪዳኑ እንዴት ጸና

የኋለኛው ዘመን ሥራ ይህን አደጋ ለመከላከል ያለመ ነበር። ኮሎምቢያ፥ ፕሪንስተንና የኒውዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በ2002 ሥራ የጀመረውን የጋራ መጋዘን በኒው ጀርሲ አሠሩ። መጻሕፍቱን እንደ አንድ ክምችት ለመጠቀም የበቁት ግን ከአሥር ዓመታት በላይ ካለፉ በኋላ ነው። በ2008 የተመሠረተው ሃቲትረስት የአባላቱን መጻሕፍት ዲጂታል ቅጂ በአንድነት አከማቸ። ከ2017 ጀምሮም አባላቱ የታተሙትን ቅጂዎች ለ25 ዓመት ላለማስወገድ ቃል የሚገቡበትን ፕሮግራም ዘረጋ። በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት አብያተ መጻሕፍት ሲዘጉ፥ ሃቲትረስት በባለመብትነት ሕግ የተጠበቁ መጻሕፍትን ዲጂታል ቅጂ ለጊዜው የፈቀደው አባሉ በክምችቱ ለያዘው መጽሐፍ ብቻ ነበር። ዲጂታል ቅጂ መኖሩ መጽሐፉን የማቆየትን ኃላፊነት እንዳላስቀረው በዚህ ታየ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ትብብር የበጀት ምትክ አለመሆኑ ነው። የፋርሚንግተን ዕቅድ በጎ ፈቃድና በቂ ካታሎግ ነበረው፤ የራሱ ገንዘብና የራሱ ንብረት ግን አልነበረውም። የቺካጎው ማዕከል ሁለቱንም አግኝቶ የቆመው፥ መሥራቾቹ ችግሩ ከመጠናቱ በፊት ስለ ተስማሙ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሃምሳው ሰው ሁሉ ሎሚው በጎረቤቴ እጅ ነው ብሎ እጁን ባዶ ካደረገ ግን ሎሚው የለም። በመሆኑም የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊዎች መጽሐፍ ከመደርደሪያ ከማውጣታቸው ወይም የመጽሔት ደንበኝነት ከማቋረጣቸው በፊት ማን እንደሚይዘው፥ ለስንት ጊዜ እንደሚያቆየው፥ በምን ገንዘብ እንደሚጠብቀውና ለማን እንደሚያውሰው በጽሑፍ መወሰን ይገባቸዋል። ይህ ያልተጻፈበት ትብብር በጀት በጠበበ ጊዜ ከሁሉ በፊት የሚፈርስ መሆኑን የሰባ ዓመት ልምድ አረጋግጧል።