ካርድ፣ ካርታ፣ ክርታስ

ድሮ ግቢ ሳለን ስንገናኝ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሚል ካርድህን ይዘሃል?» ነበር። ካርድ የጣለ ተማሪ ምሳውን ጣለ ማለት ነው። ዛሬ ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የሚመጡት ጓደኞቻችን ሲገናኙ ግን ጥያቄው «ካርታ ወጣልህ?» ሆኗል። ሁለቱ ቃላት የአንድ እናት ልጆች መሆናቸውን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

እንግሊዝኛው «ካርድ» የመጣው ከፈረንሳይኛው «ካርት» ነው፤ እሱም ከላቲኑ «ካርታ»፣ ላቲኑ ደግሞ ከግሪኩ «ካርቴስ»። ካርቴስ ማለት ከፓፒረስ የተሠራ መጻፊያ ነው። በዮሐንስ ሁለተኛ መልእክት ቁጥር 12 ላይ አማርኛው «ወረቀት» የሚለውን ግሪኩ በዚሁ ቃል ይጠራዋል። ዐረቦች «ቂርጣስ» አሉት፤ ቃሉ በቁርኣን ምዕራፍ 6 አንቀጽ 7 ላይ አለ። ግእዛችንም «ክርታስ» ይለዋል። እንግዲህ ካርድ በእንግሊዝ በኩል ዞሮ ከመምጣቱ በፊት ዘመዱ እኛ ቤት ነበረ ማለት ነው።

ቤተሰቡ ሰፊ ነው። ቻርት፣ ካርቶን፣ ቻርተር ሁሉም ከዚያው ናቸው። በ1942 ዓ.ም. የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ቻርተር ያገኘው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ እሱም ያው «ወረቀት» ነው!

በእንግሊዝኛ ካርድ መጀመሪያ የመጫወቻው ስም ነበር። እኛ ደግሞ ለመጫወቻው «ካርታ» የሚለውን ይዘን ካርድን ለሌላው ሁሉ አደረግነው። ተማሪ ካርድ ይቀበላል፤ ታማሚ ካርድ ያወጣል፤ ሙሽራ የጥሪ ካርድ ይበትናል፤ መራጭ ካርድ ይወስዳል። ስልኩ የተዘጋበት «ካርድ ሙላልኝ» ይላል። ዳኛም ከ1962ቱ የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ ጀምሮ ቢጫና ቀይ ካርድ ይመዛል። የሁሉም ትርጉም ግን አንድ ነው፦ ወረቀቱን ያሳየ ይገባል፣ ያላሳየ ይቆማል።

የካርታም ነገር እንደዚያው ነው፤ የአገር ሥዕል ነው፣ መጫወቻም ነው፣ የቤትና የቦታ ማረጋገጫም ነው። ከባዱ ሦስተኛው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አለ። ስለዚህ ካርታ የመሬት ባለቤት አያደርግም፤ በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው የሚያረጋግጠው። ለሰፈር ሰው ግን ካርታ ካለ ቤት አለ፣ ከሌለ ያለው «ጨረቃ ቤት» ነው።

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፦ የአዲስ አበባ ኪራይ ያባረረው ደመወዝተኛ ከገበሬ በመንደር ውል ቦታ ገዝቶ የሠራው እዚያ ነው። ገበሬውም እርሻውን አጥቶ የተቀበለው ገንዘብ ሲያልቅ ዘበኛ ሆኖ የቀረ አለ። ሁለቱም የያዙት ወረቀት ነው፤ የሁለቱም ወረቀት ግን አልበቃም።

ሌላኛው ካርታ፣ ያ ሥዕሉ፣ መዘዙ የባሰ ነበር። እነዚህን ከተሞች ከአዲስ አበባ ጋር አንድ ላይ የሣለው ማስተር ፕላን በሚያዝያ 2006 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ለተቃውሞ አስነሣ፤ እንደኛው ሚል ካርድ በኪሳቸው የነበሩ ልጆች ሞቱበት። ዕቅዱ በጥር 2008 ተሰረዘ። በ2015 ደግሞ ሦስቱ ከተሞች በሸገር ከተማ ሥር ገቡ። ነዋሪው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ አድራሻው ተቀየረ።

እኔም ካርታ ከሚጠብቁት አንዱ ነኝ። ቢሮ ስሄድ «ፋይልህ አልተገኘም፣ ሰኞ ተመለስ» እባላለሁ፤ ስንት ሰኞ እንዳለፈ መቁጠር ትቻለሁ። ሚል ካርድ የጣለ ጓደኛ ቢኖር ግን ከአንድ ትሪ ለሁለት እንበላ ነበር እኮ! ያኔ ማን ካርድ አለው ብለን አልተጠያየቅንም። ዘንድሮም ስንገናኝ «ካርታ ወጣልህ?» ከማለታችን በፊት «ቤትህ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው?» እንባባል።