«ዲስትሮት» ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ታሪክና አገባብ

በእንግሊዝኛ መጻሕፍት ውስጥ ልጇ የሞተባት እናት «ዲስትሮት» ተብላ ስትገለጽ፥ እኛ ተማሪዎች ብዙውን ጊዜ «በጣም ያዘነች» ብለን እንተረጕማለን። ትርጕሙ ሐሰት ባይኾንም ቃሉ የተሸከመውን ነገር ግማሹን ይጥላል። ምክንያቱን ለማስረዳት የቃሉን ታሪክ ከሥሩ እንመለከታለን። ዓመቶቹ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የቃሉ አባት በላቲን «ዲስትራሄሬ» የሚለው ግሥ ነው። «ዲስ» መለያየትን፥ «ትራሄሬ» መጐተትን ያመለክታል፤ ትራክተርም ስሙን ያገኘ ከዚሁ ከመጐተት ግሥ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያው ፍች ወዲያና ወዲህ ጐትቶ መገነጣጠል ነው። ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ሊቪዩስ እንደሚተርከው፥ የአልባው መሪ ሜቲዩስ ፉፌቲዩስ ሮማውያን ከፊዴናይ ሰዎች ጋር ሲዋጉ ድሉ ወደ ማን እንደሚያዘነብል እያየ ከዳር ቆሞ ጠበቀ። የሮማው ንጉሥ ቱሉስ ሆስቲሊዩስም በኹለት ሠረገላዎች ላይ አሳስሮ ፈረሶቹን በተቃራኒ አቅጣጫ አስነዳቸው። ሊቪዩስ በንጉሡ አፍ ያኖረው ፍርድ፥ አሳቡ ለኹለት እንደ ተከፈለ ሥጋውም እንዲሁ ይከፈል የሚል ሲኾን፥ ግሡም ይኸው «ዲስትራሄሬ» ነው። ታሪኩ ተረት ሊኾን ይችላል፤ ለቃሉ ፍች ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘንም።

«ዲስትሮት» በእንግሊዝኛ የታየው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ነው። «ዲስትራክት» ከሚለው ቅርጽ ተነሥቶ፥ «መዘርጋት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ግሥ ጥንታዊ ቅርጽ በመመሳሰል የዛሬውን መልክ ያዘ። ፍችው ግን ያን ጊዜ ሐዘንተኛ ማለት ሳይኾን አእምሮውን የሳተ ማለት ነበር። ሼክስፒር በ1590ዎቹ በጻፈው «ሮሜዎና ዡልየት» ውስጥ፥ ዡልየት በመቃብር ቤት ብቻዋን ብትነቃ በአባቶቿ ዐፅም እየተጫወተች እንዳታብድ ስትፈራ የምትጠቀምበት ቃል ይህ ነው። በ«ሐምሌት»ም አባቷ የተገደለባት ኦፌልያ «ዲስትራክት» ተብላለች፤ እዚያ ላይ ሐዘኑ የት አልቆ እብደቱ የት እንደ ጀመረ መለየት አይቻልም።

ይህ የቴአትር ነገር ብቻ አልነበረም። ሪቻርድ ኔፒየር የሚባል የእንግሊዝ ቄስ፥ ሐኪምና ኮከብ ቈጣሪም የነበረ (የሦስቱ ሞያ በአንድ ሰው መገኘት ለአገራችን አንባቢ እንግዳ አይኾንበትም)፥ የሕመምተኞቹን ጕዳይ እየመዘገበ አቈይቷል። ማይክል ማክዶናልድ የተባሉ የታሪክ ሊቅ በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ከ1597 እስከ 1634 ድረስ በአእምሮ ጭንቀት ወደ ኔፒየር የመጡትን 2,039 ሰዎች መርምረዋል። ካስጨነቋቸው ዋና ዋና ነገሮች መካከል የፍቅር ጣጣ፥ የትዳር ጠብ፥ ዕዳና የዘመድ ሞት ይገኛሉ። እንግዲህ ልጁን የቀበረና ያበደ ሰው በአንድ በር ይገቡ ነበር። ስምም ለመሻማት አልተቸገሩም፤ በዚያው መቶ ዓመት በለንደን ቤድላም ይባል በነበረው የእብዶች ቤት የተዘጋውም «ዲስትራክትድ» ይባል ነበርና።

በኋላ ሕግና ሕክምና ሌላ ስም አወጡ፤ የ1845ቱ የእንግሊዝ ሕግ ለምሳሌ «ሉናቲክ» በሚለው ቃል ይሠራል። በእኛ አስተያየት «ዲስትሮት» ለሐዘንተኛው የተረፈው ከእብደት መዝገብ ስለ ተለቀቀ ነው። ወንድሙ «ዲስትራክትድ» እጅግ ቀልሎ፥ ዛሬ በትምህርት ሰዓት በመስኮት የሚያይ ተማሪ እንኳ ይባልበታል።

ስለ አገባቡ፥ ቃሉ የሚነገረው ለሰው፥ ለፊቱና ለድምፁ ነው፤ የሚያስለቅሰው ወሬ ራሱ «ዲስትሮት» አይባልም። ዝም ብሎ ዕንባውን የሚያፈስ ሰውም አይባልበትም። በአማርኛ «ልቡ ኹለት ኾነ» ብንል የሥሩን ሥዕል እናገኛለን፥ ነገር ግን አድማጩ ወላዋይ ሰው ይመስለዋል። «አንጀቱ አረረ» ደግሞ ሕመሙን እንጂ መበታተኑን አያሳይም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩ በፈቀደ ጊዜ ኹሉ «የሚይዘውን የሚጨብጠውን ያጣ» ብለን መተርጐምን መርጠናል፤ ለዡልየት ግን ይህም አይበቃም፥ እርሷ የፈራችው እብደትን ነውና «አብድ ይኾን?» ማለት ይሻላል።