ነርሷ ልዕልትና ወታደሩ ባለቤታቸው

ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ የቀይ መስቀል ምልክት ከቦምብ የማያስጥል ሆኖ ተገኘ። ኅዳር 26 ቀን ደሴ ስትደበደብ ሆስፒታሉ አልተረፈም፤ በታኅሣሥ ወር ደግሞ መልካ ዲዳ ላይ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ ከአየር ተመታ። አገሪቱ በዚያን ዘመን የራሷ የሆኑ የሠለጠኑ ነርሶች አልነበሯትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአዲስ አበባ ለዘማቹ የቁስል መጠቅለያና የመርዝ ጋዝ መከላከያ ጭምብል ከሚያዘጋጁት ሴቶች መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ፀሐይ ይገኙበት ነበር።

ስደት ሲመጣ ልዕልቲቱ በእንግሊዝ አገር እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በለንደን ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው እንደ ማንኛዋም ሠልጣኝ የሌሊት ተራ እየጠበቁ፣ አልጋ እያነጠፉ ተማሩ፤ በ1931 ዓ.ም ማብቂያም በሕፃናት ነርስነት ተመረቁ። ከዚያ ወደ ጋይስ ሆስፒታል ተሻገሩ። የናዚ አውሮፕላኖች ለንደንን ማንደድ ሲጀምሩ ግንባሩ ራሱ ወደ ነርሶቹ መጣ።

በ1933 ዓ.ም ነፃነት ሲመለስ እሳቸውም ከሙያቸው ጋር ተመለሱ። ኮሎኔል ዐቢይ አበበን ያገቡት ጦርነቱ በሌላው ዓለም ገና በሚነድበት ወቅት ነበር። ጋብቻው ከቤተ መንግሥት ክልል አልወጣም፤ ይህን መሸፈን አያስፈልግም። ሆኖም ሙሽሪት ይዘውት የገቡት ጥሎሽ ከወርቅ ይልቅ ሙያ መሆኑ በመሳፍንቱ ዘንድ ያልተለመደ ነበር። ባልና ሚስት ኮሎኔሉ ወደ ተሾሙበት ወለጋ ወረዱ።

አብረው የኖሩት ግን ለወራት ብቻ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም ልዕልት ፀሐይ ነቀምት ላይ በእርግዝና ምክንያት በመጣ ሕመም፣ ገና በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። እናቶችንና ሕፃናትን ለማዳን የተማረች ነርስ የሞተችው የገጠር እናት ሁሉ በምትሞትበት ሞት ነው፤ ልዩነቱ የእሷ ሐዘን በአዋጅ መለቀሱ ነበር።

ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው፣ በ1940ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል ተከፈተ። ባለቤታቸው በሹመት ላይ ሹመት እየተቀበሉ እስከ መከላከያ ሚኒስትርነት ደረሱ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ባለሥልጣናት መካከልም አንዱ ሆኑ። ከለውጡ በኋላ ሆስፒታሉ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተባለ፤ ከየግንባሩ የሚመጣውን ቁስለኛም ተቀበለ።