ተቃራኒ ሙል ያላቸው ፖሊመሮች በውሃ ውስጥ፦ ለአዊ ዞን ድፍርስ ውሃ ማጣሪያነት ያላቸው ፋይዳ

ክረምት ሲገባ የአዊ ዞን ወንዞች አፈርና ብስባሽ ተሸክመው ይደፈርሳሉ። የሽፈራው ፍሬ ዱቄት እንዲህ ያለውን ውሃ እንደሚያጠራ ከታወቀ ቆይቷል። ይህ መጣጥፍ ዱቄቱ በእንጅባራና በዳንግላ አካባቢ የሚጠቅመው መጠኑ በሙል ሚዛን ሲወሰን መሆኑን ያስረዳል።

ከበሰበሰ ቅጠልና ሥር የሚመነጨው ሂውሚክ አሲድ በውሃ ውስጥ ሃይድሮጅን አዮን ስለሚለቅ አሉታዊ ሙል ይይዛል። የሸክላ አፈር ቅንጣቶችም በአብዛኛው አሉታዊ ናቸው፤ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ቶሎ አይዘቅጡም። በአንጻሩ ከሽፈራው ፍሬ የተለየው አጥሪ ፕሮቲን ክብደቱ 13 ኪሎዳልተን ገደማ ሲሆን፣ ፒኤች 10 እስኪደርስ ድረስ አዎንታዊ ሙሉን አይለቅም።

ተቃራኒ ሙል ያላቸው እነዚህ ሁለት ፖሊመሮች፣ ሂውሚክ አሲዱና ፕሮቲኑ፣ የሚጣመሩት በመሳሳብ ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ፖሊመር ሙሉን የሚያመጣጥኑለት ትንንሽ አዮኖች ከብበውታል። ፖሊመሮቹ ሲያያዙ እነዚህ አዮኖች ወደ ውሃው ይለቀቃሉ፤ የሥርዓቱ ኢንትሮፒም ይጨምራል። ቡንገንበርግ ደ ዮንግ እና ክሩይት በ1929 እ.ኤ.አ. ኮአሰርቬሽን ብለው የሰየሙት ክስተት፣ ለምሳሌ ጄላቲን ከግራር ሙጫ ጋር ተዋህዶ የሚፈጥረው ወፍራም ፈሳሽ፣ የዚሁ ዝምድና ሌላ ገጽታ ነው።

ጨው ይህን ትስስር ያላላል። በሊትር 1 ሚሊሞል የገበታ ጨው ባለበት ውሃ የሙል ተጽዕኖ እስከ 10 ናኖ ሜትር ገደማ ይዘልቃል፤ በ100 ሚሊሞል ግን ወደ 1 ናኖ ሜትር ይወርዳል። ከፍተኛ ዝናብ አፈሩን በሚያጥብበት በእንጅባራ ደጋ፣ ጨው ያነሰው የወንዝ ውሃ ለትስስሩ ምቹ ነው።

ይሁን እንጂ መጠን ወሳኝ ነው። ተመሳሳይ ድፍርስ ውሃ በያዙ ብርጭቆዎች ላይ ዱቄቱ ደረጃ በደረጃ ሲጨመር፣ አነስተኛው መጠን ለውጥ አያመጣም፤ ሙሎቹ በሚመጣጠኑበት መጠን ቅንጣቶቹ ተጣብቀው ወደ ታች ይወርዳሉ። ከዚያ ካለፈ ግን ፕሮቲኑ የቅንጣቶቹን ገጽ ሸፍኖ ሙላቸውን ወደ አዎንታዊ ሊቀይር፣ ዳግመኛም ሊገፋፉና ውሃው ሊደፈርስ ይችላል። ትርፍ ዱቄት ውሃው ውስጥ ሲቀርም ሽታ ያመጣል።

ስለዚህ የውሃው ድፍርስነት በየወቅቱ ስለሚለያይ ሐምሌ ላይ የሠራ መጠን ለኅዳር ላይሠራ ይችላል። የወንዙ ሙል በየወቅቱ ሊለካ፣ ለየወንዙም የመጠን ሰንጠረዥ ሊዘጋጅ ይገባል፤ ለእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ይህ ተገቢ ሥራ ነው። ፍሬውን ለማምረት ሲታሰብ፣ ሽፈራው ሙቀት ስለሚወድ ተክሉ ከደጋው ይልቅ እንደ ጃዊ ላሉ ቆላማ ወረዳዎች ይስማማል። የጠራ ውሃ ደግሞ ከጀርም የነጻ ማለት አይደለምና፣ ማፍላት ወይም ክሎሪን መጨመር ሁልጊዜ ግድ ነው።